በዝርክርክነታችን የምትኖር ወፍ

በ1925 መጨረሻ ላይ ማክስ ኒኮልሰን የሚባል የ21 ዓመት ወጣት ለንደን መሃል ወዳለው ኬንሲንግተን ጋርደንስ መናፈሻ ገብቶ ድንቢጦችን ቆጠረ። ንስር አይደለም፣ ጭልፊት አይደለም፣ ድንቢጥ። ማንም ዞር ብሎ የማያያትን ወፍ። ቁጥሩ 2,603 ሆነ። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የጻፍኩት። መቀያየሩ እኔንም እናንተንም ከሚያደክመን።)

ቆጠራው በዚያው መናፈሻ ተደጋገመ። በ1948 ድንቢጦቹ 885 ነበሩ። በ1975 ወደ 544 ወረዱ። በ1995 የተገኙት 46 ናቸው። በ2000፣ ያ ወጣት የ96 ዓመት አዛውንት ሆኖ በሕይወት ሳለ፣ እንደገና ተቆጠሩ። ስምንት። ስምንት መቶ አላልኩም፤ 8።

ለንደን ለምንኖር ሐበሾች ይህ መናፈሻ እንግዳ ቦታ አይደለም። ኤምባሲያችን ያለው ፕሪንስስ ጌት ላይ ነው። መንገዱን ከተሻገራችሁ ከዚሁ መናፈሻ ጋር በተያያዘው በሃይድ ፓርክ ዛፎች ሥር ናችሁ። ፓስፖርት ለማሳደስ ወይም ውክልና ለመስጠት ሄዶ እዚያ ሣር ላይ አረፍ ያላለ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም ጉዳዬን ስጨርስ መሻገር ለምዶብኛል። ርግቡ ሞልቷል። ዳክዬና ዝይው ሞልቷል። አረንጓዴ በቀቀኖች ሳይቀሩ አሉ፤ ቱሪስት እጅ ላይ እያረፉ ፖም ይበላሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ከሞቃት አገር የመጣ በቀቀን የለንደንን ብርድ ችሎ እየተራባ፣ ድሮ ከተማዋን ያጥለቀለቀችው ድንቢጥ ግን የለችም። ይሄ ነገር ሲከነክነኝ ከርሟል። ማን ፈጃት?

ሳነብ፣ ሰው ስጠይቅ፣ ግቢ ለግቢ ስመለከት ቆይቼ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ማንም አልፈጃት። ከተማው ሲጸዳና ቀዳዳው ሲደፈን አብራ ተጠረገች።

ድንቢጥ የተናቀች መሆኗ የቆየ ነገር ነው። በማቴዎስ ወንጌል ሁለት ድንቢጦች በአምስት ሳንቲም ይሸጣሉ። በሉቃስ ደግሞ አምስቱ በአሥር ሳንቲም። ሒሳቡን ሥሩት። አሥር ሳንቲም የሚገዛው አራት ነበር። አምስተኛዋ ምርቃት ናት። እንዲህ ያለችን ወፍ ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ሰው መገኘቱ ነው የሚገርመው። ኒኮልሰን ባይቆጥር ኖሮ ግን ዛሬ መጥፋቷን ራሱ ልብ የሚል አይኖርም ነበር።

ስለየትኛዋ ድንቢጥ እንደማወራ ላጥራ። እንግሊዝ አገር ያለችው የቤት ድንቢጥ የምትባለው ናት። ወንዱ አናቱ ግራጫ ነው፣ ከዓይኑ ጀርባ ቡናማ፣ ከምንቃሩ ሥር እስከ ደረቱ ጥቁር። ሴቷ አፈርማ ናት፣ ጌጥ የላትም። አዲስ አበባ ግቢያችን ውስጥ አብረናት ያደግነው ግን ሌላ ዝርያ ናት፣ የቅርብ ዘመድ። ራሷ ግራጫ፣ ጀርባዋ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ፣ ጥቁር አገጭ የላትም። ወንድና ሴቷ በዓይን አይለዩም። አጥኚዎች የስዌንሰን ድንቢጥ ይሏታል። በዓለም ላይ የምትገኘው በአፍሪካ ቀንድና በዙሪያው ብቻ ነው። ለኛ ግን ሁለቱም ድንቢጥ ናቸው፣ ጠባያቸውም ያው ነው። ሰው ካለበት አይርቁም።

የቤት ድንቢጥ ወደ ሰው የተጠጋችው እርሻ ሲጀመር ነው፤ በመካከለኛው ምሥራቅ፣ የዛሬ 11,000 ዓመት ገደማ። በ2018 የወጣ አንድ የዘረመል ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ከሰው ጋር የምትኖረውን ድንቢጥ፣ በማዕከላዊ እስያ ሜዳ ላይ ሰው ሳትፈልግ ከምትኖር ዘመዷ ጋር አነጻጸሩ። ከሰው ጋር በቀረችው ላይ ሁለት ነገር ተለውጧል። አንዱ የራስ ቅሏ ቅርጽ፣ ጠንካራ ፍሬ ለመስበር የሚመች። ሌላው ስታርች፣ ማለትም እህል ውስጥ በብዛት ያለውን ምግብ፣ የሚፈጭ ሆድ። የሚገርመው ተመሳሳይ የስታርች ለውጥ በውሻ ላይም ታይቷል። የሰው ፍርፋሪ ሁለቱንም በአንድ መንገድ ቀየራቸው። ያቺ የሜዳዋ ዘመዷ ዛሬም ብርዱ ሲመጣ አገር ለቃ ትሰደዳለች። ይቺኛዋ ጎተራ አየች፣ ቀረች።

ከቀረች በኋላማ የማትገባበት የለም። በ1970ዎቹ እንግሊዝ አገር ዮርክሸር ውስጥ ፍሪክሊ በሚባል የከሰል ማዕድን ማውጫ ድንቢጦች 640 ሜትር ከመሬት በታች ይኖሩ ነበር። ፀሐይ የለ፣ ዛፍ የለ። ማዕድን ቆፋሪዎቹ ከምሳቸው ያካፍሏቸዋል። አሜሪካ የገባችው በ1850ዎቹ ብሩክሊን ላይ ነው፤ አባጨጓሬ ትበላልናለች ብለው ከአውሮፓ አምጥተው ለቀቋት፣ አገሩን በሙሉ ወረሰችው። ሆላንድ ውስጥ ደግሞ በ2005 አንዷ ለቴሌቪዥን ትርዒት በተደረደረ ዶሚኖ መሃል ገብታ 23,000 ያህሉን ጣለች። ተኩሰው ገደሏት። አገሩ ተቆጣ። አሁን ሮተርዳም የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ደርቃ ተቀምጣለች። የአራዳ ወፍ መጨረሻ እንዲህ ነው።

እኛ ቤት ስጥ ጠባቂው እኔ ነበርኩ። ፀሐይ ሲጠነክር እናቴ ሰሌን ዘርግታ ስንዴ ታሰጣለች፣ አንዳንዴ ለጠላ የሚሆን ብቅል፣ አንዳንዴ ድርቆሽ። አርጩሜ ይሰጠኛል። ከጥላው ሥር ቁጭ ብዬ «እሽ!» እላለሁ። ድንቢጦቹ አጥሩ ላይ ተደርድረው ያዩኛል። ዓይኔን ካነሳሁ አለቀ፣ ወርደዋል። ከመሃል አይበሉም፤ ከዳር ከዳር ነው፣ ለመብረር እንዲመች። እኔ ስነሳ ይነሳሉ፣ ስቀመጥ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ድንጋይ ስወረውርባቸው እናቴ ከማድ ቤት ሆና «ዶሮዋን ጠብቅ፤ ወፏ የምትበላው አያደኸየንም» አለች። ገበሬ ግሪሳ ወፍ ሲመጣበት እንዲህ አይልም። ግሪሳ ማሳ አውድሞ የሚሄድ ነው። ድንቢጥ ግን ቀማሽ ናት።

ቤቱም የጭቃ ቤት ነበር። ቆርቆሮ ጣሪያ ሞገድ አለው፤ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ በየሞገዱ ሥር አንድ አንድ ቀዳዳ ይቀራል። ያ ቀዳዳ ለድንቢጥ ልክ ነው። ድመት አይገባበትም፣ ዝናብ አይደርስበትም፣ ከሥር ያለው የሰው ትንፋሽ ደግሞ ያሞቀዋል። ጭድ ትሸከማለች፣ የማዳበሪያ ክር ትሸከማለች፣ የዶሮ ላባ ታክልበታለች። ጧት ሳንነሳ ከኮርኒሱ በላይ ሲንኮሻኮሹ ይሰማል። ጫጩቶቹ የተፈለፈሉ ሰሞን ጫጫታው ሌላ ነው። የኮርኒሱ አቡጀዲ ላይ እድፍ ይወጣል። አባቴ በየዓመቱ «ዘንድሮ እደፍነዋለሁ» ይላል። አልደፈነውም።

ከዚያ ደግሞ ወፍጮ ቤቱ አለ። የሰፈር ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ድንቢጥ አይጠፋም። ማዳበሪያ ሲራገፍ የሚበተን፣ ቁና ሲሰፈር የሚፈስ፣ ሴቶቹ ተራ ሲጠብቁ ከእህሉ እየለቀሙ የሚጥሉት። ዱቄቱ ላያቸው ላይ ነፍቶ ነጫጭባ ሆነው ሲዘሉ ያስቁናል። መርካቶ እህል በረንዳ ስትሄዱማ የዚህ ታላቅ ወንድም ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። የፈሰሰ እህል፣ ያልተደፈነ ቀዳዳ፣ ያልታጨደ የግቢ ጥግ። ሦስቱም የጉድለት ምልክት ናቸው። ድንቢጥ የኖረችው እኛ በሠራነው ሳይሆን ሠርተን ባልጨረስነው ነው።

ያልታጨደውን የግቢ ጥግ ያነሳሁት በምክንያት ነው። ብዙ ሰው ድንቢጥ እህል በሊታ ስለሆነች ፍርፋሪ ካለ ትኖራለች ይላል። ትልቋ አዎ። ጫጩቶቹ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያድጉት በነፍሳት ነው። ክሽክሽ፣ አባጨጓሬ፣ ሸረሪት። እናትና አባት ቀኑን ሙሉ ይህንን ሲያመላልሱ ነው የሚውሉት። ጓሮ ውስጥ ክሽክሽ የወረሰው ጎመን ለባለቤቱ ኪሳራ ነው፤ ለድንቢጥ ግን የልጆቿ ቀለብ እሱ ነው። እናትየዋ ዳቦ ስትበላ ብትውል፣ በዙሪያዋ ነፍሳት ከሌሉ ጎጆዋ ውስጥ ልጅ ይሞታል።

ወደ ለንደን ልመለስ። ድንቢጥ እዚያ መጀመሪያ የተጎዳችው በመኪና ነው። ተገጭታ ግን አይደለም። ከመኪና በፊት ከተማው በፈረስ ነበር የሚሄደው። ፈረሶቹ አፋቸው ላይ የአጃ ከረጢት ታስሮላቸው መንገድ ዳር ይቆማሉ፣ ሲያኝኩ ይበትናሉ። ፋንድያቸው ውስጥም ያልተፈጨ እህል አለ። ለድንቢጥ ከተማው በሙሉ ስጥ ነበር፣ ያውም ጠባቂ የሌለው። ፈረሱ ሲቀር ስጡ ተነሳ። የኒኮልሰን 2,603 ራሱ የተቆጠረው ፈረስ ከመንገድ እየወጣ ባለበት ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ስንት እንደነበሩ አስቡት።

ጋሪ የነበረባቸው ከተሞቻችን ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። ደብረ ዘይት፣ አዋሳ፣ ባሕር ዳር። ጋሪ ማቆሚያ ማለት ጭድ፣ ገለባ፣ ፋንድያና ወፍ ማለት ነበር። አሁን ባጃጅ ነው። ባጃጅ ዘይት እንጂ ገብስ አያፈስም። ለፈረሶቹ ሲባል ደስ ይለኛል፤ ጀርባቸው ቆስሎ ስንቱን አይተናል።

ሁለተኛው ውድቀት ነው ግራ ያጋባው። ከ1977 እስከ 2008 ባለው ጊዜ በብሪታንያ የድንቢጥ ቁጥር በ71 በመቶ ቀነሰ። በ2002 ለአደጋ በተጋለጡ ወፎች ቀይ መዝገብ ውስጥ ገባች። ፓሪስም ከ2003 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ከአራት ድንቢጥ ሦስቱን ያህል አጥታለች። ደልሂ በ2012 ድንቢጥን የከተማዋ ወፍ ብላ እስከመሰየም ደረሰች። ዘ ኢንዲፔንደንት ጋዜጣ በ2000 ምክንያቱን በሳይንስ አረጋግጦ ለሚያስረዳ 5,000 ፓውንድ ሽልማት አወጣ። መልስ ሰጪ ጎረፈ። ድመት ነው ያለ አለ። ጭልፊት ተበራክቶ ነው ያለ አለ። እርሳስ የሌለው ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረው ኬሚካል ነው የሚል ጥርጣሬም ነበረ። የሞባይል ማማ ነው ያሉም አልጠፉም። ሰው ሁሉ አንድ ነፍሰ ገዳይ ነበር የሚፈልገው።

በቁም ነገር የሠሩት ደግሞ ሌስተር ከተማ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ የወፍ ጎጆ ሳጥኖች ሰቅለው፣ ጫጩቶቹ ምን እንደሚበሉና ስንቶቹ እንደሚሞቱ በየመራቢያ ወቅቱ ተከታተሉ። የሆነውን ቀድሜ ነግሬአችኋለሁ። ጎጆው ውስጥ ይራባሉ። ክሽክሽ በጠፋበት ሰፈር ወላጆቹ ጉንዳንና ፍርፋሪ ያጎርሷቸዋል፣ ልጆቹ አይበረቱም። አጥሩ ቁጥቋጦ በሆነበት፣ የአገሬው ዛፍ ባለበት ሰፈር ይሻላሉ።

ነገሩ ግን እዚህ አያበቃም። ለንደን ውስጥ ድንቢጦቹ ባሉባቸው ግቢዎች ትል በብዛት እየቀረበ ተሞከረ። በረው የሚወጡት ጫጩቶች በዙ። የትልልቆቹ ቁጥር ግን አላደገም። በ2019 ሌላ ነገር ተጨመረ፤ ከተመረመሩት የለንደን ድንቢጦች ከአሥር ሰባቱ የወፍ ወባ ተሸክመው ተገኙ። የኛን ወባ አይደለም፣ ለሰው አይተላለፍም። በሽታው በጠናባቸው ቦታዎች ክረምቱን የሚያልፉት ያንሳሉ።

ስለዚህ አንድ ገዳይ መፈለጉን ትቼዋለሁ። የፈሰሰው እህል ቀረ፣ ቀዳዳው ተደፈነ፣ ነፍሳቱ ጠፉ፣ የተረፈችው ደግሞ በሽታ ያዛት። እያንዳንዱን ለብቻው ብትችለው እንኳ አንድ ላይ ሲመጣ አልቻለችም። በዚህ ላይ ድንቢጥ ብቸኛ ወፍ አይደለችም። ጎጆዋን በጎጆ አጠገብ ትሠራለች፣ በመንጋ ትበላለች፣ በመንጋ አፈር ትታጠባለች፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ተሰብስባ ትንጫጫለች። መንጋው ከተወሰነ በታች ሲወርድ የቀሩት መራባት ይተዋሉ ብለው የሚያምኑ አጥኚዎች አሉ። ለድንቢጥ ዕድሜውን ሙሉ የሰጠው ዴኒስ ሰመርስ ስሚዝ አንዱ ነበር፤ ሙያው ምሕንድስና ነበር፣ ወፍ ማጥናት ደግሞ ፍቅሩ። እኔ ነገሩ የገባኝ በእድር ነው። ሰፈር ሲፈርስ እድር የሚፈርሰው የመጨረሻው አባል ሲሄድ አይደለም። ድንኳን የሚተክል ሰው ሲያንስ ያኔውኑ ፈርሷል፣ መዝገቡ ላይ ስም ቢኖርም።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። እንግሊዞች በየዓመቱ በጥር መጨረሻ ገደማ ግቢያቸው ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀምጠው ወፍ ይቆጥራሉ። በዚያ ቆጠራ ብዙ የምትታየው ወፍ አሁንም ድንቢጥ ናት፣ ለዓመታት አንደኝነቱን አልለቀቀችም። ታዲያ የት ጠፋች? ያለችው በትንንሽ ከተሞችና በመንደሮች ነው፣ ገና ያልተጠራረገ ነገር ባለበት። ከትልልቆቹ ከተሞች መሃል ነው የወጣችው።

እኔ ያለሁበት ሰፈር ሰሜን ለንደን ነው፣ ቤቶቹ ተጣብቀው የተሠሩበት። በየደጁ ትንሽ የአትክልት ቦታ ነበረች። አሁን ግማሹ በአስፋልትና በጡብ ተሸፍኖ መኪና ይቆምበታል። ቁጥቋጦ አጥሩ ተነቅሎ የእንጨት አጥር ተተክሏል፤ መከርከም የለ፣ ቅጠል መጥረግ የለ። የኛ ቤት ጣሪያ ባለፈው ሲታደስ ከሥሩ ያለው የበሰበሰ እንጨት ወጥቶ ነጭ ፕላስቲክ ተገጠመለት። ሙቀት እንዳያመልጥ ውስጡ በሙሉ ታሸገ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ተደሰትኩ። በዚያ ክረምት የጋዝ ክፍያዬ ቀነሰ፣ መኝታ ቤቴ መንፈሱን አቆመ። ለኔ የሞቀኝ ቀዳዳው ስለተደፈነ ነው። ድንቢጧም የወጣችው ለዚሁ ነው። ሁለቱን ነገር ለያይቼ ላወራ አልችልም።

ከዚህ ሁሉ የሚደንቀኝ የቻይናው ታሪክ ነው። በ1958 ማኦ አራት ተባዮች ይጥፉ ብሎ አዘዘ፤ አይጥ፣ ዝንብ፣ ትንኝና ድንቢጥ። እዚያ ያለችው የዛፍ ድንቢጥ የምትባለው ሌላዋ ዘመድ ናት። ጥፋቷ የገበሬውን እህል መብላቷ ነው። ሕዝቡ ወጥቶ ከበሮና ድስት እየደበደበ እንዳታርፍ አደረጋት፤ በድካም ከሰማይ ትወድቅ ነበር። ጎጆዋ ፈረሰ፣ እንቁላሏ ተሰበረ። ብዙ ሳይቆይ እሷ ትበላቸው የነበሩት ተባዮች ማሳውን ወረሱት፣ በ1960 ከዝርዝሩ ተፍቃ በምትኩ ትኋን ገባ። ዛሬ ቤጂንግ ብትሄዱ ድንቢጥ አለች። አንድ አገር በሙሉ ተነሥቶባት ተርፋለች። ለንደን ግን ማንም ክፉ ሳያስብባት፣ እንዲያውም ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ፍርፋሪ እየበተኑላት ጠፋች። ጦርነት ያልቻለውን ጽዳት ቻለው።

አዲስ አበባ ባለፈው ስመጣ ዓይኔ እሷን ይፈልግ ነበር። ፒያሳ ያ ሁሉ አሮጌ ቤት በ2024 ፈርሷል። ኮሪደር ልማቱ ያለፈባቸው መንገዶች ሰፋፊ ናቸው፣ ያበራሉ፣ ሣሩ እኩል ታጭዷል። አዲሶቹ ሕንፃዎች መስታወትና አሉሚኒየም ለብሰዋል፤ ከላይ እስከ ታች ጣት የሚያስገባ ክፍተት የላቸውም። ድንቢጧ አልጠፋችም። ቦሌ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶዬን ስጠጣ ከጠረጴዛው ሥር የኬክ ፍርፋሪ ትለቅም ነበር፣ እግሬን ሳትፈራ። እህቴ ያለችበት ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ የቧንቧ ማሳለፊያው ቀዳዳ ተርፎ፣ ጭድ ወጥቶበት አየሁ። «እንዴት ነው አትደፍኑትም?» ስላት «ስንቱን ደፍኜ እችላለሁ» አለችኝ። አባታችን ትዝ አለኝ።

እዚህ ላይ ናፍቆት እንዳያታልለኝ እጠነቀቃለሁ። ከውጭ አገር መጥቶ «አይ የድሮው ሰፈር» የሚል ሰው ያናድደኛል፣ በተለይ ራሱ የሞቀ ቤት ውስጥ የሚኖር ከሆነ። የጭቃ ቤት ያፈሳል። ሽንት ቤቱ ለስንት አባወራ አንድ ነው። ለወፍ ብሎ በዚያ ይኑር የምለው ሰው የለኝም። የማልቀበለው ሌላ ነገር ነው፤ ንጹሕ ከተማ ማለት ከሰው በቀር ምንም የማይኖርበት ከተማ ነው የሚለውን። ሣር ብቻ ከሚተከል እዚህም እዚያም ያልተከረከመ ቁጥቋጦ ቢተው ምን ይጎዳል? ዘንባባ አምጥቶ ከመደርደር ነፍሳት የሚወዱት የአገራችን ዛፍ ቢኖርስ? ሕንፃው ላይ አንድ ረድፍ ባዶ ጡብ ማስገባት ለኮንትራክተሩ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በነገራችን ላይ ይህ ተረት አይደለም፤ አውሮፓ ውስጥ ለወፍ ተብሎ ቀዳዳ ያለው ጡብ ይሸጣል፣ ከግድግዳው ጋር ይገነባል፣ ከውጭ የሚታየው ትንሽ በር ብቻ ነው።

ለድንቢጥ ሳጥን መስቀል የሚፈልግ ካለ ነገሩ ቀላል ነው። መግቢያው 32 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከዚያ ከሰፋ ትልልቅ ወፍ ይገባል። አንድ ሳጥን ብቻ አትስቀሉ፣ ሦስት ጎን ለጎን ወይም ሦስት በር ያለው አንድ፤ ጎረቤት ከሌላት አትመጣም። ከፍ አድርጉት፣ ጣሪያው ሥር፣ ቀጥታ ፀሐይ የማያገኘው በኩል። ከሁሉ በላይ በአቅራቢያው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ይኑር። ቁጥቋጦ ከሌለ ሳጥኑ ጌጥ ነው።

እኔ ጋ ቁጥቋጦው ያለው ጎረቤቴ ዘንድ ነው። ከጃማይካ የመጡ አሮጊት ናቸው፤ መንገዳችን ላይ አጥራቸውን ያልነቀሉ እሳቸው ብቻ ይመስሉኛል። የተረፉት ጥቂት ድንቢጦች ቀኑን እዚያ ውስጥ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። አጥርዎ ወደ መንገድ ወጥቷል የሚል ደብዳቤ ሲመጣባቸው በመንገዱ በኩል ብቻ ያስከረክሙታል፤ ወደ ውስጥ ያለው ጫካ ነው። ባለ ሦስት በሩን ሳጥን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ሠርተን ጣሪያው ሥር ሰቀልነው። በፀደይ አንዲት ደቃቃ ወፍ በመሃለኛው በር መግባት መውጣት ጀመረች። ሮጬ ሄጄ ለጎረቤቴ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወጡ፣ ቀና ብለው አዩና «ልጄ፣ ይቺማ ድንቢጥ አይደለችም፣ ብሉ ቲት ናት» አሉኝ። ከአናቷ ሰማያዊ፣ ከሆዷ ቢጫ፣ ከድንቢጥ የምታንስ። እሷም ልጅ አላት ብዬ ተውኳት። ሁለተኛውን ሳጥን ከእሳቸው አጥር ፊት ለፊት፣ በእሳቸው ግድግዳ ላይ እንድሰቅለው ጠየቅኳቸው። መሰላሉን አንተ ካመጣህ እሺ ብለዋል።